ዘርዓ ያዕቆብ «ማን ፈጠረኝ?» ሲል የወላጆች ሰንሰለት በእርግጥ ፈጣሪ ዘንድ ያደርሳል?

ቀለም ቆጣሪ፦

ሰላም ወገኖች። ለውይይት ክበብ ስለ ሀልዎተ እግዚአብሔር ማስረጃዎች የ20 ደቂቃ ገለጻ እያዘጋጀሁ ነው። ከአርስቶትል ወይም ከአኩዊናስ ከምጀምር በግእዝ ከተጻፈው የፍልስፍና ድርሰት፣ ከሐተታ ዘዘርዓ ያዕቆብ ልነሣ ብዬ ወስኛለሁ። ደራሲው ተሰድዶ በተሸሸገበት ዋሻ ውስጥ ሆኖ የሚያነሣው ክርክር በራሴ አባባል ይህን ይመስላል፦

ማን ፈጠረኝ? ራሴን ፈጠርኩ እንዳልል፣ ከመፈጠሬ በፊት አልነበርኩም። አባትና እናቴ ናቸው ብል የእነርሱን ፈጣሪ፣ የወላጆቻቸውንም ፈጣሪ መፈለግ ሊኖርብኝ ነው። እንዲህ ወደ ላይ ስወጣ እንደ እኛ ካልተወለዱት፣ በሌላ መንገድ ከመጡት ከፊተኞቹ ዘንድ እደርሳለሁ። እነርሱም የተፈጠሩ ከሆኑ፣ ከምንም ያመጣቸው፣ እርሱ ራሱ ያልተፈጠረ፣ መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው መኖር አለበት።

ሲያነቡት ደስ ይላል። ግን ሦስት ቦታ ላይ እንደሚይዙኝ ይታየኛል። የወላጅ ሰንሰለት የግድ ይቆማል ያለው ማነው? «እግዚአብሔርንስ ማን ፈጠረው?» ለሚለውስ ምን ይባላል? ደግሞ ቢግ ባንግን ብጠቅስ ክርክሩን ያጠነክረዋል ወይስ ያበላሸዋል?

እባካችሁ «ሃይማኖትህን አጥራ» የሚል መልስ ይቅርብኝ። ጥያቄዬ ክርክሩ ይሠራል ወይ ነው።

አንቀጽ፦

ምርጫህ ጥሩ ነው። በተጻፈበት መልክ ካቀረብከው ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ይጥልሃል፤ ለመጣልም እግዚአብሔር የለም ባይ መሆን አያስፈልግም። የካቶሊኩ ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ (1225–1274) ራሱ አይቀበለውም።

ሱማ ቴዎሎጂካ በተባለው መጽሐፉ አንደኛ ክፍል፣ ጥያቄ 46፣ አንቀጽ 2 ላይ፣ ሰው ከሰው እየተወለደ ወደ ኋላ ያለ ማለቂያ ቢሄድ የማይቻል ነገር የለበትም ይላል። ምክንያቱን በእኛ አገር ነገር ላስረዳ። በትንሣኤ ሌሊት ጧፍ ከጧፍ ሲለኮስ አስብ። ሦስተኛው ጧፍ አንዴ ከበራ አንደኛው ቢጠፋም ግድ የለውም፤ አራተኛውን የሚለኩሰው በራሱ ነበልባል ነው። ልጅም እንዲሁ ነው። አያቱ ከሞቱ ሃምሳ ዓመት አልፏቸው ልጅ ይወልዳል፤ የሚወልደውም ሰው በመሆኑ እንጂ የእገሌ የልጅ ልጅ በመሆኑ አይደለም። እንዲህ ያለውን ተራ የመካከለኛው ዘመን ሊቃውንት «በአጋጣሚ የተሰለፈ» ይሉታል። ወደ ኋላ ማለቂያ ባይኖረው የሚፈርስ ነገር የለም።

አሁን ደግሞ ኤክስቴንሽን ገመድ አስብ። አምፖሉ ኤክስቴንሽን ላይ ተሰክቷል፣ ያ ኤክስቴንሽን ሌላ ኤክስቴንሽን ላይ፣ ያም ሌላ ላይ። እያንዳንዱ የሚያስተላልፈው አሁን፣ በዚህች ቅጽበት፣ ከበላዩ እየተቀበለ ነው። መሐሉን ብትነቅለው መብራቱ እዚያው ይጠፋል። ገመዱን መቶ አድርገው፣ ሺህ አድርገው፣ ማለቂያ አይኑረው፤ የራሱ ኃይል ያለው ምንጭ ከሌለ አምፖሉ አይበራም። ይህ «በባሕርይው የተሰለፈ» ተራ ነው። አኩዊናስ ለሀልዎተ እግዚአብሔር ካቀረባቸው አምስት መንገዶች የመጀመሪያዎቹ የሚሠሩት እዚህ ላይ ብቻ ነው። እርሱ ዓለም መጀመሪያ እንዳላት ያምናል፤ ያንን ግን በእምነት የምንይዘው እንጂ በአመክንዮ የሚረጋገጥ አይደለም ባይ ነው።

እንግዲህ ዘርዓ ያዕቆብ ያቀረበው ተራ የጧፍ ነው፤ የሚፈልገው መደምደሚያ ግን የኤክስቴንሽን ነው። ስህተቱ ያለው እዚህ ነው።

ታዲያ ክርክሩ ከንቱ ነው? አይመስለኝም። ስታነበው ጣትህን «ወላጆቼ» ላይ ሳይሆን «ከመፈጠሬ በፊት አልነበርኩም» ላይ አድርግ። ዋናው ነገር መኖሬ የራሴ አለመሆኑ ነው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርትም በ1641 ባሳተመው ሦስተኛው ሜዲቴሽን ያንኑ ጥያቄ ይጠይቅና ወላጆቹን ቶሎ ያልፋቸዋል፤ አሁን በመኖር የሚያቆዩኝ እነርሱ አይደሉም ብሎ። ሐተታው ይህችን እርምጃ ነው የዘለለው።

የከላም ተማሪ፦

ወንድም አንቀጽ ያለው ልክ ነው፤ የሄደው ግን ግማሹን መንገድ ነው። ሰንሰለቱን በጊዜ ለማስቆም የሞከሩ አሉ፤ እነርሱን ሳይጠቅስ ከቀረበ የሙስሊም ሊቃውንት ድርሻ ይጠፋል።

ሁለት መንገድ ለይተህ ያዝ። አንዱ ሁዱስ ነው፤ «ኋላ የመጣ ሁሉ አምጪ አለው፣ ዓለም ኋላ የመጣ ነው፣ ስለዚህ አምጪ አለው»። ሌላው ኢምካን ነው፤ «ሊኖርም ላይኖርም የሚችል ነገር እንዲኖር የሚያደርገው ያስፈልገዋል»። የመጀመሪያው የከላም (የእስልምና ነገረ መለኮት) ሰዎች ነው፣ አል-ገዛሊ (1058–1111) በሰፊው ያቀረበው። ሁለተኛው የኢብን ሲና (980–1037) ነው። ኢብን ሲና ዓለም በጊዜ መጀመሪያ የላትም የሚል ሰው ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ፈጣሪ አለ ይላል። ለአንተ ጉዳይ ቁልፉ ይህ ነው፤ መጀመሪያ የሌላት ዓለምም ቢሆን «ለምን አለች?» ትባላለችና።

አል-ገዛሊ ፈላስፎችን በሚሞግትበት መጽሐፉ በተሃፉት (1095) ያነሣውን የፈለኮች ክርክር ለአድማጭ ብታነሣው ይጥማል። ፀሐይ ዑደቷን በአንድ ዓመት ትጨርሳለች፣ ጁፒተር በ12፣ ሳተርን በ30። ዓለም መጀመሪያ ከሌላት ሁሉም ማለቂያ የሌለው ዙር ዞረዋል። የሳተርን ዙር ግን ከፀሐይ 30 እጅ ማነስ አለበት። ማለቂያ የሌለው ነገር ከሌላ ማለቂያ ከሌለው እንዴት ያንሳል? የዙሩስ ብዛት ጎዶሎ (ኢተጋማሽ) ነው ወይስ ሙሉ (ተጋማሽ)? ይህ ሐሳብ ከእርሱ በፊት በስድስተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ዘንድ አለ፤ በ529 የግሪኩን ፈላስፋ የፕሮክሎስን «ዓለም ዘላለማዊት ናት» በመቃወም የጻፈው ክርስቲያን ፈላስፋ ነው። በክርስቶስ ባሕርይ ክርክርም ከኬልቄዶን ተቃዋሚዎች ወገን ነበር፤ ስለዚህ ክርክሩ ለኢትዮጵያ ሰው የሩቅ ዘመድ ነው ብትል አልዋሸህም።

ግን ልብ በል፤ ይህ ክርክር ማለቂያ የሌላቸውን ብዛቶች ካጠናው ከሒሳብ ሊቁ ካንቶር በኋላ እንደ ድሮው አይቆምም። የሙሉ ቁጥሮችና የ30 ብዜቶች ብዛት አንድ ለአንድ ይጣመራል፤ «ማነስ» የሚለው ቃል እዚያ ሲደርስ ትርጉሙ ይለወጣል። ኢተጋማሽና ተጋማሽም ለውሱን ቁጥር ብቻ የሚባል ነው። የከላም ደጋፊዎች የዛሬው መልስ «በሒሳብ ይቻላል፣ በእውኑ ዓለም ግን አይቻልም» የሚል ነው፤ ለዚያም ነው የሂልበርትን ሆቴል የሚያነሡት፣ ሞልቶ ሳለ አዲስ እንግዳ የሚቀበለውን ሆቴል። ይህ ግር ያሰኛል እንጂ ተቃርኖ አይደለም። እኔ ብሆን 20 ደቂቃ ውስጥ ሆቴሉን አልከፍትም።

ጠርጣራው፦

ሁለታችሁም ትልቁን ጉድጓድ ዘላችሁት። በ1948 ፈላስፋው ራስልና ካቶሊካዊው ካህን ኮፕልስተን ስለ ሀልዎተ እግዚአብሔር በቢቢሲ ሲከራከሩ ራስል የሰነዘረው ተቃውሞ ለዚህ ጽሑፍ የተሰፋ ይመስላል። እያንዳንዱ ሰው እናት አለው፤ ከዚህ ተነሥቶ የሰው ዘር እናት አለው ማለት አይቻልም። የክፍሎቹን ጠባይ ለጠቅላላው ማልበስ ነው። ዘርዓ ያዕቆብም «እያንዳንዳችን ወላጅ አለን» ከሚለው ወደ «ሁላችንም አንድ መነሻ አለን» ይሻገራል። እዚህ ውስጥ ሁለተኛ ስህተትም አለ፤ ለእያንዳንዱ መንሥኤ አለ ማለት ለሁሉም አንድ የጋራ መንሥኤ አለ ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ተማሪ እስክሪብቶ ይዟል ማለት ክፍሉ በሙሉ አንድ እስክሪብቶ ይዟል ማለት ነው?

«እንደ እኛ ያልተወለዱ ፊተኞች» የሚለውም ለዛሬ አድማጭ አይሄድም። በዝግመተ ለውጥ «የመጀመሪያው ሰው» የሚባል የተሰመረ ድንበር የለም፤ ሰንሰለቱ ወደ ሌሎች እንስሳት፣ ከዚያ ወደ አንድ ሕዋስ፣ ከዚያ ወደ ኬሚስትሪ ይገባል። ምድር 4.5 ቢሊዮን ዓመቷ ነው፣ የምናየው ዩኒቨርስ መስፋፋት የጀመረው ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት ነው። «በሌላ መንገድ መጡ» እውነት ነው፣ ሌላው መንገድ ግን የግድ «ከምንም» አይደለም።

ቢግ ባንግን በተመለከተ፣ አትጥቀሰው። ስሌቱ ወደ ኋላ ሲወሰድ የአይንስታይን የአንጻራዊነት እኩልታ ራሱ የማይሠራበት ቦታ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደነበር የሚናገር የተረጋገጠ ንድፈ ሐሳብ የለንም። በ2003 የወጣውን የፊዚክስ ሊቃውንቱን የቦርድ፣ ጉዝና ቪለንኪን ቲዎረም የሚጠቅሱ ይኖራሉ። ቲዎረሙ የሚለው በአማካይ እየሰፋ የመጣ ዩኒቨርስ ወደ ኋላ መንገዱ ይቋረጣል ነው፤ ድንበሩ ላይ ምን እንዳለ ግን አይናገርም። የሮማው ፓፓ ፒዮስ 12ኛ በ1951 ባደረጉት ንግግር አዲሱን ኮስሞሎጂ ለፈጣሪ ምስክር አድርገው ጠቅሰውት ነበር። የንድፈ ሐሳቡ አባት ጆርጅ ለሜትር ግን፣ ራሱ ካህን ሆኖ፣ ንድፈ ሐሳቡ ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ ነው ብሏል። ካህኑ ያልወሰደውን ማስረጃ አንተ ምን አስወሰደህ?

ቀለም ቆጣሪ፦

አመሰግናለሁ፤ የጧፍና የኤክስቴንሽን ልዩነት በደንብ ገብቶኛል። እንግዲህ ጥገናው እንዴት ነው? ሐተታውን ሳልጥል ክርክሩን ማቆም እፈልጋለሁ። «ፈጣሪንስ ማን ፈጠረው» የሚለውም ገና አልተመለሰልኝም።

አንቀጽ፦

ጥገናው ወላጆችን ከምክንያትነት ወደ ምሳሌነት ማውረድ ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒዝ በ1697 የጻፈው ነገር እዚህ ይረዳል። የጂኦሜትሪ መጽሐፍ ከጥንት ጀምሮ አንዱ ካንዱ እየተገለበጠ መጥቷል እንበል ይላል፤ ያለ መጀመሪያ። የዛሬው ቅጂ ከትናንቱ መጣ ማለት ይቻላል፤ ግን የቱንም ያህል ወደ ኋላ ብትሄድ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለምን እንዳለ አልተነገረህም። አንተ ብራና አድርገው። ይህ ዳዊት ከዚያ ዳዊት ተገለበጠ፣ ያም ከሌላው። ዝርዝሩ ማለቂያ ባይኖረውም መዝሙሩን ማን ደረሰው የሚለው ጥያቄ አልተነካም። ማለቂያ የሌለው የወላጅ ተራም ቢሰጥህ ክርክሩ አይሞትም ማለት ነው፤ «ለምን ይቆማል?» ለሚልህ «አይቁም» ብለህ ትቀጥላለህ።

ሰሌዳ ላይ የምትጽፋቸው አራት መስመሮች፦

1. ያለ ነገር ሁሉ መኖሩ ወይ የራሱ ነው፣ ወይ ከሌላ የተቀበለው ነው።
2. እኔ፣ ወላጆቼ፣ የምናያቸው ነገሮች ሁሉ ተቀባዮች ነን፤ ልንኖርም ላንኖርም እንችል ነበርና።
3. ተቀባዮች ብቻ የተሰለፉበት ሰልፍ፣ አጭርም ይሁን ማለቂያ የሌለው፣ መኖር ከየት እንደመጣ አያስረዳም።
4. ስለዚህ መኖሩን ከማንም ያልተቀበለ አለ።

ለሦስተኛው መስመር ከላይብኒዝ ይልቅ ውሰት ይሻላል። ለድግስ ድስት ፈልገህ ጎረቤት ሄድክ፤ «የኔ አይደለም፣ ከነእትዬ እገሊት የተዋስኩት ነው» ተባልክ። እዚያ ስትሄድ እነርሱም ተውሰውት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ተዋሽ ከሆነ ድስቱ ከየት መጣ? ባለቤት የሌለው ውሰት የለም። የራስልም ተቃውሞ እዚህ ላይ ኃይሉ ይቀንሳል። ከክፍል ወደ ጠቅላላ መሻገር ሁልጊዜ ስህተት አይደለምና፤ እያንዳንዱ ጡብ ትንሽ ስለሆነ ግድግዳው ትንሽ ነው አይባልም፣ እያንዳንዱ ጡብ ሸክላ ከሆነ ግን ግድግዳው ሸክላ ነው። «ተቀባይነት» ከሁለተኛው ዓይነት መሆኑን ማሳየት የአንተ ሥራ ነው፤ ኢብን ሲና ያደረገውም ይህንኑ ነው፣ የተቀባዮችን ድምር እንዳለ ወስዶ «ድምሩስ የራሱ ነው ወይስ ተቀባይ?» ብሎ መጠየቅ።

«ፈጣሪን ማን ፈጠረው?» የሚለው የሚመታው «ሁሉም ነገር ፈጣሪ አለው» ያለን ሰው ብቻ ነው። ከላይ ካሉት መስመሮች አንዱም ይህን አይልም። የድስቱን ባለቤት «አንቺስ ከማን ተዋስሽው?» ብትላት ጥያቄህ ባለቤት የሚለውን ቃል ያልሰማ ሰው ጥያቄ ነው። ግን ተጠንቀቅ፤ ገለጻህ ላይ አንዴ እንኳ «ሁሉ ነገር አስገኚ አለው» ካመለጠህ መልሱ ይፈርስብሃል። ይህቺ ዐረፍተ ነገር አዳራሽ ውስጥ እንደ ዋዛ ትወጣለች።

ያልተዘጋ ቀዳዳ አለ፣ አትደብቀው። መስመር 4 «ያልተቀበለ አለ» ይላል እንጂ ያውቃል፣ ይሰማል፣ አንድ ነው አይልም። ሐተታው ይህን ለመሻገር የሚያቀርበው፣ እኛን አዋቂ አድርጎ የፈጠረን እርሱ ራሱ ዕውቀት አልባ ሊሆን አይችልም፣ ከዕውቀቱ ብዛት ነው የሰጠን የሚል ነው። ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ ግን «የሌለውን አይሰጥም» የሚለውን ሕግ ይዞ የሚነሣ ነው፣ ያ ሕግ ደግሞ ከባድ ሙግት አለበት። ውርጭ የሚያደርቀው ቅጠል አለ፤ ውርጩ ግን ደረቅ ቅጠል አይደለም። በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሰህ «ሌላ ክርክር ይፈልጋል» ብለህ እለፍ።

ጊዜውን ብትከፍለው፦ 3 ደቂቃ ምንባቡ፣ 5 ጧፍና ኤክስቴንሽን፣ 5 አራቱ መስመሮች፣ 4 ተቃውሞዎች፣ 3 ለጥያቄ። ምንባቡን ከሦስት ደቂቃ ካስረዘምከው የሚቃጠለው የተቃውሞው ጊዜ ነው።

ብራና ገላጭ፦

አንድ ነገር ልጨምር፤ አንድ ሰው ማንሣቱ አይቀርምና። የጽሑፉ ባለቤት አከራካሪ ነው። ጽሑፉ ራሱን የ17ኛው መቶ ዓመት ያደርጋል፣ ደራሲውም አክሱም አካባቢ በ1599 ተወልዶ በ1667 ጻፍኩት ይላል (ሁሉም እንደ አውሮፓ)። ቅጂዎቹን ለፈረንሳዊው ተጓዥና ምሁር ለአንቷን ዳባዲ የላከው ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያ የነበረው የካቶሊክ (ካፑቺን) ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው። ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ደራሲው ጁስቶ ራሱ ነው ብሎ ጻፈ፤ ክሎድ ሰምነር ደግሞ በአዲስ አበባ ሆኖ ለዓመታት የኢትዮጵያዊው ነው ሲል ተሟገተ። የዴካርትን ተመሳሳይነት ስትጠቅስ ለአንደኛው ወገን ማስረጃ አድርገህ እንዳትጠቀምበት፤ ሁለት ሰው «ማን አስገኘኝ?» ብሎ ሲነሣ ወላጆቹ ላይ መድረሱ አይቀርም። «በጽሑፉ የቀረበው ክርክር» ካልክ ከሁለቱም ወገን ጠብ የለህም፤ ክርክሩም ማን ጻፈው በሚለው አይጸናም፣ አይወድቅም።

ጠርጣራው፦

ውሰቷ ጥሩ ናት፤ ለማስተማሪያ እኔም እወስዳታለሁ። ግን መስመር 1 ላይ አንድ ሦስተኛ አማራጭ በጸጥታ ተዘሏል፦ የራሱም ያልሆነ፣ ያልተቀበለም፣ ዝም ብሎ ያለ። ራስል ስለ ዩኒቨርስ ያለው ይህንን ነው፤ አለ፣ በቃ። አንቀጽ ይህን የሚዘጋው «እያንዳንዱ ነገር በቂ ምክንያት አለው» በሚለው የላይብኒዝ ሕግ ነው፤ ሕጉ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። ፈላስፋው ፒተር ቫን ኢንዋገን በ1983 እንዳሳየው፣ ላይሆኑ ይችሉ የነበሩ እውነቶችን ሁሉ ሰብስበህ «የዚህ ሁሉ ምክንያት ምንድን ነው?» ብትል ሁለት መልስ ብቻ አለህ። ምክንያቱ ራሱ ላይሆን የሚችል ከሆነ ከተሰበሰቡት አንዱ ነውና ራሱን ማስረዳት ሊኖርበት ነው፣ ያ ደግሞ አይሆንም፤ የግድ ከሆነ ደግሞ ከግድ የሚከተለው ሁሉ ግድ ይሆናል፣ ላይሆን የሚችል ነገር ይጠፋል። ፈጣሪ ወዶና ፈቅዶ ፈጠረ ለሚል አማኝ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

አንቀጽ፦

እውነት ነው፤ ለዚህም ነው መስመር 1ን «እውነት ሁሉ ምክንያት አለው» ብዬ ያልጻፍኩት። ሕጉን ለነገሮች መኖር ብቻ ካጠበብከው የቫን ኢንዋገን ወጥመድ እንደ ተጻፈ አይይዝህም፤ ነገሮችን እንጂ እውነቶችን አልሰበሰብክም። ይህን ስታደርግ ግን «ዝም ብሎ ያለ» የሚለውን አማራጭ በሕግ አልዘጋኸውም፤ አድማጩ ድስቱን አይቶ «ዝም ብሎ አለ» ማለት ይከብደዋል፣ ዩኒቨርስን አይቶ ግን ላይከብደው ይችላል። ቀለም ቆጣሪ፣ ከአዳራሹ ጋር የምትለያየው እዚህ ላይ ነውና ከተቃውሞው 4 ደቂቃ ሁለቱን ለዚህ ተውለት።

የከላም ተማሪ፦

አንዲት እርማት ለሰሌዳው፤ መስመር 2 ላይ «የምናያቸው ነገሮች ሁሉ» የሚለውን «ሁሉ» አጥፋው። አድማጭ ቁስ አካል ራሱ ወይም ኃይል ተቀባይ መሆኑን አሳየን ቢልህ በጥቂት ደቂቃ አትወጣውም። «እኔና ወላጆቼ» ይበቃል፤ አንድ ተቀባይ ካለ መስመር 3 ከዚያው ይነሣል።